«የአፈሬ ዲኤንኤ ይታይልኝ» ለምትሉ

ሰሞኑን የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚለው። «የአፈሬ ዲኤንኤ ይመርመርልኝ፤ ምን እንደጎደለው ኤአይ ይነግረኛል።» ፒኤች (የአፈሩን አሲዳማነት የሚለካው ቁጥር፤ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበዛል) አስለክተው ያውቃሉ ወይ ስል ዝም ይላል። እስቲ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ሥራው የምር ነው። ከሩብ ግራም አፈር፣ ውስጡ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ዲኤንኤ (የዘር መረጃቸው) ይወጣል። ባክቴሪያውን ለመለየት 16ኤስ የሚባለው ጂን ይነበባል፤ ለፈንገሱ ደግሞ አይቲኤስ የሚባለው ክፍል። ከዚያ ሞዴል የሚባለው የኤአይ ፕሮግራም በሺህ ከሚቆጠሩት የባክቴሪያና የፈንገስ ስሞች መካከል ከምርት ወይም ከአስተራረስ ጋር አብረው የሚሄዱትን ይፈልጋል። እስከዚህ ጸብ የለኝም። ጸቤ ከዚህ በታች ካሉት አባባሎች ጋር ነው።

«ባክቴሪያ በሽታ ነው።» አብዛኛው አይደለም። ባቄላ ንቀሉና ሥሩ ላይ ያለችውን እብጠት በጥፍራችሁ ክፈሏት። ውስጧ ቀላ ካለ ናይትሮጅን እየሠራችላችሁ ነው።

«ዓይነቱ በበዛ ቁጥር አፈሩ ጤነኛ ነው።» ሽምብራ የሚያጠወልገው ፉዛሪየም የሚባለው ፈንገስም አንድ ዓይነት ተብሎ ይቆጠራል። ያውም ጉዳት የሌለው ዘመዱ በአይቲኤስ ሲታይ ያው ስም ነው ያለው።

«ዝርዝሩ ላይ ያለው ሁሉ በሕይወት አለ።» እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ አፈር ውስጥ ከሚገኘው የባክቴሪያና የፈንገስ ዲኤንኤ በአማካይ 40 በመቶ ያህሉ የሞቱት ቅሪት ነው።

«ሞዴሉ 90 በመቶ ትክክል ነው ተብሏል።» ይቺ ናት እኔን የምታቃጥለኝ። የት ተፈትኖ? ከአንድ ማሳ 10 ናሙና ወስደው 8ቱን ለማስተማሪያ፣ 2ቱን ለመፈተኛ ካደረጉት ሞዴሉ የተማረው ማሳውን እንጂ የአፈር ጤናን አይደለም። ፈተናውን ቀድሞ እንዳየ ተማሪ ነው። አይቶት የማያውቀው ማሳ ላይ፣ ቢቻል ሌላ ወረዳ ወስዳችሁ ፈትኑትና እንነጋገር። አሜሪካ በበቆሎና በአኩሪ አተር ማሳ የሠለጠነ ሞዴል ስለ ደጀን የጤፍ ማሳ ምን ያውቃል? ይገምታል እንጂ።

ደግሞ ፒኤች አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ፊየረርና ጃክሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ከሰሜንና ከደቡብ አሜሪካ የተሰበሰበ አፈር አወዳደሩ። የባክቴሪያውን ብዝኃነት ከሁሉ በላይ የወሰነው ሙቀቱ ወይም ዝናቡ ሳይሆን ፒኤች ሆኖ ተገኘ። የፔሩ አማዞን አሲዳማ አፈር፣ ያ ሁሉ ደን በቅሎበት፣ ከበረሃ አፈር ያነሰ የባክቴሪያ ዓይነት ነበረው። እንግዲህ ሞዴሉ «አሲዶባክቴሪያ (አንድ የባክቴሪያ ወገን) በዝቷል፣ አፈሩ ታሟል» ሲላችሁ ብዙ ጊዜ በውድ ዋጋ ፒኤች እየነገራችሁ ነው። ከእነሱ ብዙዎቹ አሲዳማ አፈር ስለሚስማማቸው መጡ እንጂ አፈሩን አሲዳማ ያደረጉት እነሱ አይደሉም።

አንድ ደንበኛ ከአዊ አፈር ይዞ መጣ። ውጭ አገር ልኮ ያሠራው ሪፖርት በእጁ ነው፤ ባለቀለም ሥዕል የሞላበት። የባክቴሪያ ማዳበሪያ ግዛ ይለዋል። አፈሩን በተጣራ ውሃ በጥብጬ መለኪያውን ነከርኩት። 4.7! እዚህ ላይ ሲደርስ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥሩን ያቀጭጨዋል፣ ፎስፈረሱንም ይዞ ያስቀርበታል። ሰውዬው የሚያስፈልገው ኖራ ነበር።

አሁንም ይመርመርልኝ ካላችሁ ናሙናውን አታበላሹት። ማሳውን እየተጠማዘዛችሁ ከ15 ያህል ቦታ፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ውሰዱና በንጹህ ባልዲ ደባልቁት። ፍግ ከተከመረበት፣ ከዛፍ ሥርና ከእርከን ዳር አትውሰዱ። ከማሳ ወደ ማሳ ስትሄዱ አካፋውን አጽዱት። ለፒኤች ጥላ ላይ ማድረቅ ይቻላል። የዲኤንኤው ግን በረዶ ያለበት ሳጥን ይፈልጋል። በጥቁር ፌስታል ታስሮ ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ የዋለ አፈር የሚነግረኝ ስለ ፌስታሉ ነው።

ከናሙናው ጋር ያለፉት ሦስት ዓመታት ምን እንደተዘራ፣ ማዳበሪያና ኖራ ምን ያህል እንደገባ፣ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደተገኘ ጽፋችሁ ላኩ። ያለዚያ ሞዴሉ ዲኤንኤውን ከምን ጋር ያገናኘው? ምርቱ ላይ ደግሞ «ደህና ነበር» ብላችሁ አትጻፉልኝ፤ ቁጥሩን ነው የምፈልገው።