ተከታታይ ምዘና ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስም ይሁን ቢቸና፣ ሞጣም ይሁን ዳንግላ፣ አንድን መምህር «ተከታታይ ምዘና ታካሂዳለህ ወይ?» ብትሉት ማርክ ሊስቱን አውጥቶ ያሳያችኋል። ቴስት አንድ ከ10፣ ቴስት ሁለት ከ10፣ አሳይመንት ከ10፣ ደብተር ከ5፣ ሚድ ከ15፣ ፋይናል ከ50። ድምሩ 100። እኔም ሳስተምር እንዲሁ ነበር የማደርገው። በየሁለት ሳምንቱ እፈትናለሁ፣ አርማለሁ፣ እመዘግባለሁ፣ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ አልፋለሁ። ከ10 ሦስት ያገኘው ልጅም ሦስቱን ይዞ አብሮኝ ያልፋል። ለምን ሦስት እንዳገኘ እኔም አልጠየቅሁት፣ እሱም አልነገረኝ። ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል።

ያ ተከታታይ ፈተና ነበር። ተከታታይ ምዘና ማለት ተማሪው ገና እየተማረ ሳለ የት እንደደረሰና ምን ላይ እንደተሰናከለ ማየት፣ ባዩት መሠረት ደግሞ የነገውን ትምህርት ማስተካከል ነው። ዋናው ቁም ነገር ያለው መጨረሻው ላይ ነው። የነገው ትምህርት ካልተስተካከለ የፈለገውን ያህል ወረቀት ቢታረም ምዘናው ሥራውን አልሠራም።

ሐሳቡ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘና እንዲኖር ደንግጓል። ክፍል ውስጥ ሲደርስ ግን ወደ ማርክ ማጠራቀሚያነት ተቀየረ። የተጠራቀመው ማርክ ምን ያህል እውቀት እንደያዘ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና አይተናል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚያ ሁሉ ልጆች በየዓመቱ «ተዛውሯል» የሚል ካርድ ሲቀበሉ የኖሩ ናቸው።

ጎጃም ላይ ሆነን ይህን ስናወራ ደግሞ የቅኔ ቤቱን ዘለን ማለፍ አንችልም። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ዋሸራ፤ ከነዚህ ጉባኤዎች የወጣውን ሊቅ ማን ቆጥሮ ይጨርሳል? ሐዲስ ዓለማየሁም ቅኔ የተማሩት በዚሁ አካባቢ ነው። የኔታ ቅኔውን ዘርፈው መንገዱን ያሳያሉ። ተማሪው ዛፍ ሥር፣ ወንዝ ዳር ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ሲቆጥር (ሲያዘጋጅ) ይውላል። ከዚያ ነገራ ይመጣል። የቆጠረውን ለየኔታ ወይም ለአስነጋሪው፣ ማለትም ቀድሞት ለተማረው ረዳታቸው፣ ይነግራል። ቤቱ ካልመታ እዚያው ይነገረዋል። ምሥጢሩ ከላላ ይነገረዋል። አቃንቶ ይመለሳል። ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና ሳያደላድል ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ አይሻገርም። ማርክ የሚባል ነገር የለም። «ከ10 አራት» ተብሎ የተሸኘ የቅኔ ተማሪ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ማርኩ መቅረቱ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸው ተማሪዎች ሥራቸው ተሻሽሎ ተገኘ። ማርክና አስተያየት አንድ ላይ የተሰጣቸው ግን ማርክ ብቻ ከተሰጣቸው ብዙም አልተለዩም። ልጁ ቁጥሩን ያያል፣ ከጓደኛው ጋር ያስተያያል፣ ወረቀቱን ያጥፋል። መምህሩ የደከመበትን ጽሑፍ አያነበውም። ከአሥር ዓመት በኋላ ፖል ብላክና ዲላን ዊልያም የተባሉ የለንደን ምሁራን 250 ያህል ጥናቶችን መርምረው ይህ ዓይነቱ ምዘና የተማሪን ውጤት ከፍ እንደሚያደርግ ጻፉ። በተለይ የሚጠቀሙት ወደኋላ የቀሩት ናቸው።

አንዲት የ5ኛ ክፍል ሒሳብ የምታስተምር ጓደኛዬ ስታደርገው ያየሁትን ላሳያችሁ። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሰሌዳ ላይ 1/2 + 1/3 ብላ ጻፈች። ልጆቹ በቁራጭ ወረቀት ሠርተው ሲወጡ ሰጧት። ቢሮ ገብታ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ሦስት ቦታ ከፈለችው። የገባቸው፣ ባዶ የሰጡ፣ 2/5 ብለው የጻፉ። ትልቁ ክምር የ2/5 ነበር። ልጆቹ የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደምረዋል። ስንፍና አይደለም፤ እነሱ ደንብ ነው ያሉትን ተከትለዋል።

በማግሥቱ ሰሌዳው ላይ ክብ እንጀራ ሣለች። «ግማሽ እንጀራ ቀረበልህ እንበል። እናትህ ሲሶ ጨመረችልህ። አሁን ያለህ ከግማሽ ያንሳል?» ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ኧረ አያንስም!» አለ። «ታዲያ 2/5 ከግማሽ ያንሳል እኮ።» ጸጥታ ሆነ። የገበሬ ልጆች ናቸው፤ እኩል ማረስን፣ ሲሶ ማረስን ከቤታቸው ያውቁታል። ያን ከሰሌዳው ቁጥር ጋር ያገናኘላቸው ሰው ነበር የጠፋው። እንጀራውን ስድስት ቦታ ከፈለችው። ግማሹ ሦስት ቁራሽ፣ ሲሶው ሁለት፣ ባንድ ላይ አምስት። 5/6። በሦስተኛው ቀን 1/2 + 1/4 ስትጠይቅ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ የደመሩት ልጆች ክምር በጣም አነሰ። አንዱ ልጅ ከመልሱ ጎን ትንሽ እንጀራ ሥሎበታል።

«70 ተማሪ ይዤ እንዴት ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ሦስት ክምር መለየት ግን 70 ወረቀት ከማረም እጅግ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል፤ ማርክ አይመዘገብማ። እንደ ቅኔ ቤቱ አስነጋሪም አለ። የገባቸውን ልጆች ካልገባቸው ጋር አቀማምጡ። መልሱን እንዳይነግሩ ግን አስጠንቅቁ፤ «እንዴት አገኘኸው?» ብለው ይጠይቁ።

የቀረው የርእሰ መምህሩና የሱፐርቫይዘሩ ድርሻ ነው፤ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው። መምህሩ የሚጠየቀው «ፖርሽን (የዓመቱን ትምህርት) ስንት በመቶ ሸፈንክ?» ብቻ ከሆነ ወደኋላ ተመልሶ እንጀራ አይሥልም። ክፍል ምልከታ ስትገቡ «ትናንት ልጆቹ ምን ሳቱ? ዛሬ በዚያ ምክንያት ምን ቀየርክ?» በሉት። ሁለት ቀን ወደኋላ ቢመለስ ደግሞ አትውቀሱት።

በግጭቱ ምክንያት በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። አራተኛ ክፍልን በቅጡ ሳይማር ስድስተኛ የሚቀመጥ ልጅ ይኖራል። እሱን የመጽሐፉ ገጽ 1 አያውቀውም። የመጀመሪያውን ሳምንት ለእሱ ስጡት። አንድ አንቀጽ ያንብብላችሁ፣ ጥቂት የማባዛትና የማካፈል ጥያቄ ይሥራ። ወረቀቱ ላይ ማርክ አትጻፉ። በየክምሩ ለዩና ሰኞ ከየት እንደምትጀምሩ ከዚያ ወስኑ።