የእንግሊዝኛ የስካር ቃላት፦ ትርጉማቸውና አመጣጣቸው

በእንግሊዝኛ ሰው መስከሩን የሚገልጹ የአራዳ ቃላት ብዛታቸው ጉድ ያሰኛል። አሜሪካዊው ጸሐፊ ፖል ዲክሰን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው መዝገብ ብቻ 2,964 ቃላትና አባባሎች ሰብስቧል። ሞቅ ላለው «ቲፕሲ» ይሉታል። ጥንብዝ ላለው ደግሞ «ሃመርድ» ይሉታል።

ከአሮጌዎቹ አንዱ «ቡዝ» (አስካሪ መጠጥ፣ መጠጣትም) ነው። በመካከለኛው ዘመን ከደች ቋንቋ የገባ ሲሆን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሌቦችና የለማኞች የሚስጥር ቋንቋ ውስጥ ይሠራበት ነበር።

የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነገር ግን ሰፊ ነው። ለዚህም ምስጋናው ለአንድ ጋዜጠኛ ይገባል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1722 ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ወንድሙ ቦስተን ላይ በሚያሳትመው ጋዜጣ «ሳይለንስ ዱጉድ» በተባለች መበለት ስም ይጽፍ ነበር። በአንዱ ጽሑፉ፣ ጠጪዎች መስከራቸውን በስሙ እንደማይጠሩት ታዘበ። በምትኩ የሚሉትንም ደረደረው፦ «ሁለት ጨረቃ ያያል»፣ «ፀሐይ ወጥታበታለች»፣ «ፍልስጥኤማውያን መሀል ነው»።

እ.ኤ.አ. በጥር 1737 ፍራንክሊን በራሱ ጋዜጣ፣ በፊላደልፊያው «ፔንሲልቬንያ ጋዜት» ላይ፣ ከ200 በላይ አባባሎችን በፊደል ተራ አወጣ። ከሊቃውንት መጽሐፍ ሳይሆን ከመጠጥ ቤት ወሬ የለቀምኳቸው ናቸው ብሏል። ምክንያቱንም አስቀምጧል። ሌላው መጥፎ ጠባይ የበጎ ምግባር ስም ተውሶ ይሸፈናል፤ ስስታሙ «አስተዋይ ነኝ» ይላል። ስካር ግን የሚመስለው በጎ ነገር ስለሌለ በዙሪያ ጥምጥም ይነገራል። ይህን የመሰለ ትዝብት ከጋዜጣ ገጽ መውጣቱ ለሙያው ትልቅ ክብር ነው።

ከዝርዝሩ «የቨርጂኒያ አጥር ይሠራል» የሚለውን እንይ። የቨርጂኒያ ገበሬ ቋሚ ሳይተክል፣ የተፈለጠ እንጨት ጫፍ ለጫፍ እያነባበረ ያጥር ነበር። አጥሩ ታዲያ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እየታጠፈ ይቀጥላል። የሰካራሙ አካሄድም ልክ እንዲሁ ነው። «ባርቤዶስ ደርሶ መጥቷል» የሚልም አለ፤ ባርቤዶስ ሩም የተባለው የሸንኮራ አገዳ አረቄ አገር ናት።

ባሕረኞችም ብዙ አዋጥተዋል። የእንግሊዙ አድሚራል ኤድዋርድ ቬርነን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1740 መርከበኞቹ በየቀኑ የሚያገኙት ሩም ባዶውን እንዳይሰጣቸው አዘዘ። አንድ እጅ ሩም በአራት እጅ ውሃ ተበርዞ፣ በቀን ሁለት ጊዜ እንዲታደል ሆነ። አድሚራሉ «ግሮግራም» ከሚባል ሻካራ ጨርቅ የተሰፋ ካባ ይለብስ ስለነበር «ኦልድ ግሮግ» ይሉት ነበር። መጠጡ «ግሮግ» የተባለው በዚሁ ቅጽል ስም እንደሆነ ይነገራል። «ግሮጊ» ማለትም መጀመሪያ የሰከረ ነበር፤ ዛሬ የደነዘዘ፣ እንቅልፍ የተጫጫነው ማለት ነው። የባሕር ኃይሉ የሩም ዕደላ የቀረው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1970 ነው።

በጣም ለሰከረ ሰው የሚባለውን «ስሪ ሺትስ ቱ ዘ ዊንድ» («ሦስት ሺት ለነፋስ») ብዙ ሰው «ሦስት ሸራ» እያለ ይተረጉመዋል። ስህተት ነው። በመርከብ ቋንቋ «ሺት» ሸራውን የሚወጥረው ገመድ ነው። ገመዶቹ ሲላሉ ሸራው ይርገበገባል፣ መርከቧም ትንገዳገዳለች።

የለንደን ኮክኒዎች (የምሥራቅ ለንደን ሠርቶ አደር ሰዎች) መንገድ ቤት መምታት ነው። «ድራንክ»ን (የሰከረ) ከዝሆን ኩምቢ ጋር አጋጥመው «ኤለፈንትስ ትራንክ» አሉ። «ብራህምስ ኤንድ ሊስት»ም ሁለቱን የሙዚቃ ደራሲዎች ጠርቶ «ፒስድ»ን ይደብቃል። «ፒስድ» በእንግሊዝ የሰከረ ነው፣ በአሜሪካ ግን የተናደደ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን «ብሎቶ» መጣ፤ ምናልባት ከቀለም መምጠጫ ወረቀት ጋር ይዛመዳል። «ፕላስተርድ»፣ «ስማሽድ»ና «ዌስትድ»ም ተከተሉ።

እ.ኤ.አ. በ2024 በጀርመን ያሉ የቋንቋ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አሳዩ። እንግሊዛውያን ከአብዛኛው ስም ኋላ «ኢድ» የምትለዋን ድምፅ ቢጨምሩ፣ ፊቱ ላይም «ቶታሊ» (ፍጹም) ቢያስቀድሙ፣ ሰሚው ስካር መሆኑን ይረዳል። የጓሮ ዳስ እንኳ «ጋዜቦድ» ሆኖ ያገለግላል። ቃሉ በራሱ ከመጠጥ ጋር ምንም ዝምድና አያስፈልገውም፤ ሥራውን የሚሠራው አቀማመጡ ነው።