በካውቦይ ፊልም ጠላቶች እንዴት ይታረቃሉ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የካውቦይ ፊልም ሲነሳ ብዙ ሰው የሚለው ተመሳሳይ ነው። ጥሩው ሰውዬ፣ መጥፎው ሰውዬ፣ መንገድ መሃል ተኩስ፣ አለቀ። እኔን የሚስቡኝ ግን ደም የተቃቡ ሰዎች ፊት ለፊት ተገናኝተው ሽጉጥ ሳይመዙ የሚለያዩባቸው ፊልሞች ናቸው። ስለነዚህ ፊልሞች የሚወሩ አንዳንድ ነገሮች ልክ ስላልሆኑ አንድ በአንድ እንያቸው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«የድሮዎቹ ጥሩና መጥፎን ብቻ ነው የሚያሳዩት፤ የተወሳሰበ ሰው የመጣው ከቬትናም ጦርነት በኋላ ነው»

ይሄ በጣም ይባላል፤ እውነት ግን አይደለም። ገና ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ዘመን፣ ዊልያም ኤስ. ሃርት የታወቀው ልቡ መልካም የሆነ ሽፍታ እየሆነ በመጫወት ነው። በ1939 በወጣው «ስቴጅኮች» ደግሞ ጆን ዌይንን ኮከብ ያደረገው ገጸ ባህሪ ከእስር ቤት ያመለጠ ሰው ነው። የተከበሩት የባንክ ባለቤት ሌባ ሆነው ይገኛሉ። ፊልሙ በሚካሄድበት የመንገደኞች ሠረገላ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለሰሜን የቆመ ሐኪምና ለደቡብ የተዋጋ ቁማርተኛ አብረው ይጓዛሉ፤ ያለፈው ጦርነት ምን ተብሎ ይጠራ በሚለው እንኳ አይስማሙም። በ1943 የወጣው «ዘ ኦክስ-ቦው ኢንሲደንት» ከዚህም ይብሳል። የመንደር ሰዎች ተሰብስበው ሦስት ሰዎችን በስርቆትና በግድያ ጠርጥረው ይሰቅላሉ። ሦስቱም ንጹሃን ነበሩ። ከዚያ ተዋናዩ ሄንሪ ፎንዳ ከሟቾቹ አንዱ ለሚስቱ የጻፈውን ደብዳቤ መጠጥ ቤት ውስጥ ለሰቃዮቹ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ቬትናም ያኔ የት ነበረች?

«ኢተን ኤድዋርድስ መጨረሻ ላይ ታረቀ»

በ1956 የወጣው የጆን ፎርድ «ዘ ሰርቸርስ» ታሪክ ይሄ ነው፦ በጦርነቱ የተሸነፈ የደቡብ ወታደር የሆነው ኢተን፣ ኮማንቺ የሚባሉ ነባር አሜሪካውያን የወንድሙን ቤተሰብ ገድለው የወሰዷትን የወንድሙን ልጅ ዓመታት ይፈልጋል። እየቆየ ሲሄድ የሚፈልጋት ሊያድናት ሳይሆን ከእነሱ ጋር ስለኖረች ሊገድላት እንደሆነ ይገባናል። መጨረሻ ላይ ሲያገኛት ብድግ አድርጎ ያቅፋትና ወደ ቤት ይወስዳታል። ብዙ ተመልካች እዚህ ላይ «ተለወጠ» ብሎ እፎይ ይላል።

ግን ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ የኮማንቺውን አለቃ የስካርን ሬሳ የራስ ቅል ቆዳ ገፏል። ስካር ደግሞ ሁለት ወንዶች ልጆቹን ነጮች ገድለውበት ነው ያንን ሁሉ ያደረገው፤ ራሱ ይናገራል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ቁስል ያለባቸው ሰዎች ናቸው፤ ፊልሙም ይህን ሆን ብሎ ያሳያል። ኢተን የማራት የገዛ ዘመዱን ነው። ከጠላቱ ጋር የተደረገ ምንም እርቅ የለም። ይህን ከእርቅ መቁጠር ፊልሙን ማቅለል ይመስለኛል።

«ገጸ ባህሪው የተወሳሰበ ከሆነ ጥፋትም የለም»

ክሊንት ኢስትውድ በ1992 የሠራው «አንፎርጊቨን» ለዚህ በቂ መልስ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የገደለው ወጣት ዛፍ ሥር ተቀምጦ እያለቀሰ ይጠጣል። ሟቹ ይገባው ነበር ብሎ ራሱን ሊያጽናና ይሞክራል፤ ሽማግሌው ገዳይ ግን ማጽናኛውን አይቀበለውም። ሰው መግደል ያለውንም ወደፊት የሚኖረውንም ሁሉ መውሰድ ነው ይለዋል። ጥፋቱ አለ፤ ንጹሕ ሆኖ የሚፈርድ ሰው ነው የጠፋው።

«እርቅ ማለት ይቅር መባባል ነው»

በዚህ ጉዳይ ላይ እንደ «ዘ አውትሎው ጆሲ ዌልስ» አንጀቴን የሚበላው ፊልም የለም። ኢስትውድ ይህንንም ራሱ አዘጋጅቶ የተወነበት ነው፣ በ1976። ጆሲ የሚዙሪ ገበሬ ነው። የሰሜን ደጋፊ የሆኑ ታጣቂዎች ሚስቱንና ልጁን ገድለው ቤቱን ያቃጥላሉ። እሱም ከደቡብ ሽምቅ ተዋጊዎች ጋር ይቀላቀላል። ጦርነቱ ሲያልቅ አዛዡ ፍሌቸር «እጅ ስጡ፣ ምሕረት ይደረግላችኋል» ብሎ ጓዶቹን ያሳምናል። እጅ የሰጡት ሰዎች በመትረየስ ይረሸናሉ። ፍሌቸርም ተታሎ ነበር። ሆኖም ከዚያ በኋላ ጆሲን ከሚያሳድዱት ጋር አብሮ ይጋልባል። ለጆሲ ይሄ ሰው ከሃዲ ነው።

መጨረሻ ላይ ጆሲ ቆስሎ ወደ አንድ መጠጥ ቤት ይገባል። ፍሌቸር ከሁለት የቴክሳስ ሬንጀሮች (የግዛቱ ሕግ አስከባሪዎች) ጋር እዚያው ነው። የመንደሩ ሰዎች ጆሲን «ሚስተር ዊልሰን» ብለው ይጠሩትና ጆሲ ዌልስ ሜክሲኮ ውስጥ ተገድሏል ብለው ይመሰክራሉ። ሬንጀሮቹ ቃላቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ። ፍሌቸር ግን ሰውየውን ያውቀዋል። ፊቱ ቆሞ፣ እኔ ሞቷል ብዬ አላምንም፣ ሜክሲኮ ሄጄ እፈልገዋለሁ ይለዋል። ጆሲ ስታገኘውስ? ሲለው፣ ቀድሞ የመተኮስ ዕድሉን ለእሱ እተዋለሁ፤ ያን ያህል ዕዳ አለብኝ፤ ከዚያ ጦርነቱ አልቋል ብዬ ልነግረው እሞክራለሁ ይላል። ጆሲም በነገሩ ይስማማል። በዚያ ጦርነት ሁላችንም ትንሽ ትንሽ ሞተናል ይላል። ይህን ሁሉ ሲነጋገሩ ደሙ ጫማው ላይ እየተንጠባጠበ ነው።

ይቅርታ የጠየቀ የለም። ይቅር ያለም የለም። ፍሌቸር ሰውየውን በስሙ እንኳ አልጠራውም። ሂሳቡ ሳይዘጋ ሁለቱም በቃ ብለው ተዉት፣ ይኸው ነው።

ከዚያ በፊት ያለው ትዕይንትም ልብ ሊባል ይገባዋል። ጆሲ ወደ ኮማንቺው አለቃ ወደ ቴን ቤርስ ብቻውን ጋልቦ ይሄዳል። ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ሞት አይከብድም፣ የሚከብደው መኖር ነው ይለዋል። መንግሥታት አብረው መኖር አይችሉም፣ ሰዎች ግን ይችላሉ ይለዋል። ቴን ቤርስ ሰላሙን የሚቀበለው ጆሲ ደግ መስሎት አይደለም። እገድላለሁ ሲል የምሩን እንደሆነ ስላየ፣ አብረን እንኑር የሚለውንም የምሩን እንደሆነ ያምናል። መዳፋቸውን በቢላ ቆርጠው ይጨባበጣሉ።

«የሰሜንና የደቡብ መታረቅ ሁሌም ደግ ነገር ነው»

ለጆሲ ታሪክ መነሻ የሆነውን ልብ ወለድ የጻፈው ፎረስት ካርተር ትክክለኛ ስሙ ኤሳ ካርተር ነው። የነጭ የበላይነትን የሚሰብከው የኩ ክሉክስ ክላን ሰው ነበር፤ ለአላባማው ገዥ ለጆርጅ ዋላስ የዘር መድልዎ ንግግሮችን ጽፏል። ፊልሙን እንደምወደው አልደብቅም፤ ይህን ማወቅ ግን የግድ ነው። ምክንያቱም በካውቦይ ፊልም የደቡብ ወታደር ብዙ ጊዜ ቤቱ የተቃጠለበት ተበዳይ ነው፤ ባርነት ግን ጨርሶ አይነሳም።

በ1949 የወጣውን የጆን ፎርድን «ሺ ዎር ኤ የሎ ሪበን» እንይ። ጆን ስሚዝ የሚባል ተራ ወታደር ይሞታል። ሲቀበር የደቡብ ጦር ጄኔራል እንደነበር ይነገራል፤ የሰሜኑ መኮንን በክብር ይሸኘዋል፤ ትንሽ የደቡብ ባንዲራም ይደረግለታል። የሚያስለቅስ ትዕይንት ነው። ግን ጥቁሮቹ የት አሉ? በእውነተኛው ታሪክም እንዲሁ ነበር። በ1913 ከ50 ሺህ በላይ የሁለቱም ወገን አዛውንት ወታደሮች ከጦርነቱ ታላላቅ ውጊያዎች አንዱ በተካሄደበት ጌቲስበርግ ላይ ተገናኝተው ተጨባበጡ። ፕሬዚዳንት ዊልሰን መጥተው ንግግር አደረጉ። በዚያው ዓመት መንግሥታቸው በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጥቁርና ነጭ ሠራተኞችን መለያየት ጀመረ። ፎርድ ራሱ በ1960 በ«ሰርጀንት ራትሌጅ» ውዲ ስትሮድን የጥቁር ፈረሰኞች ጦር ሰርጀንት አድርጎ ወደ ፊት ያመጣው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

«ነባር አሜሪካውያንን እንደ ሰው ያየው የመጀመሪያው ፊልም ‹ዳንስስ ዊዝ ዎልቭስ› ነው»

ያ ፊልም የወጣው በ1990 ነው። ከዚያ 40 ዓመት ቀደም ብሎ «ብሮክን አሮው» ነበር። ነጩ ቶም ጀፎርድስ የአፓቺውን አለቃ ኮቺስን ብቻውን ሄዶ ያነጋግራል፤ ቋንቋቸውን ተምሮ፣ ወጋቸውን አክብሮ። ጉድለትም አለበት፤ ኮቺስ ሆኖ የተጫወተው ጄፍ ቻንድለር የብሩክሊን አይሁዳዊ ነው። ጓደኝነቱ ግን በእውነት የነበረ ነው። በ1872 ጄኔራል ሃዋርድ በጀፎርድስ አማካይነት ከኮቺስ ጋር ሰላም አወረደ። ኮቺስ በ1874 ሞተ። የተሰጣቸው መሬት በ1876 ተነጠቀና ሕዝቡ ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄድ ተገደደ። ፊልሙ ይህን አያሳይም፣ ከዚያ በፊት ያልቃል።

«እርቁ ሁሌም ነጭ ያለበት ነው»

በ1993 የወጣው የዋልተር ሂል «ጀሮኒሞ፦ አን አሜሪካን ሌጀንድ» ይህን ያፈርሰዋል። ቻቶ አፓቺ ሆኖ ለአሜሪካ ጦር ቃፊር የሆነ ሰው ነው። የገዛ ወገኑን ጀሮኒሞን ሲያሳድድ ከርሟል። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ወደ ፍሎሪዳ በሚሄደው የእስረኞች ባቡር ይጫናሉ። ቻቶ፣ መዋጋትህ ልክ ነበር፣ የነገሩኝ ሁሉ ውሸት ነው ይለዋል። ጀሮኒሞ አይሰድበውም። የቀረነው ጥቂት ነን፣ እርስ በርስ መጠላላት አይገባንም ይለዋል። በእርቁ ውስጥ አንድም ነጭ የለም።

ይህም ከእውነተኛው ታሪክ ብዙ አይርቅም። በ1886 ጀሮኒሞ እጅ ሲሰጥ የአሜሪካ መንግሥት ያሳደዱትን ቃፊሮች ጭምር አሰረ። እውነተኛው ቻቶም በዚያው ዓመት መልእክተኛ ሆኖ ዋሽንግተን ከሄደ በኋላ ወደ ቤቱ ሳይመለስ እስረኛ ሆኖ ፍሎሪዳ ገባ። ጀሮኒሞ በ1909 እስረኛ እንደሆነ ሞተ። ከተረፉት አብዛኞቹ ነጻ የወጡት ከታሰሩ ከ27 ዓመት በኋላ፣ ሰሜንና ደቡብ ጌቲስበርግ ላይ በተጨባበጡበት በ1913 ነው።