የክትባትን ጉዳት ከበሽታው ጉዳት ማመዛዘን ምንድን ነው?

መንዝ፣ አንድ ጤና ኬላ በር ላይ። የዘጠኝ ወር ልጇን በጋቢ የጠቀለለች እናት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይዛታለች። «እህቴ፣ የፊተኛው ልጄ በተከተበ በሳምንቱ ትኩሳት ለቀቀበት። አሁን ይሄን ደህናውን ልጅ ላሳምመው?»

ጥያቄዋ የሞኝ አይደለም። የኩፍኝ ክትባት ከተሰጠ ከ7 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ አንዳንድ ልጅ ያተኩሰዋል። ትኩሳቱ የሚያንቀጠቅጠውም አለ፤ ከብዙ ሺህ አንድ። ከባድ አለርጂ ከ1 ሚሊዮን ክትባት አንድ ገደማ ነው። «ምንም አያደርገውም» የሚል ባለሙያ አልወድም። ልጁ ያተኮሰው ዕለት እናትየው ሁለተኛ አታምነውም።

ግን ሚዛን ሁለት ሳህን አለው። እሷ ያየችው አንዱን ብቻ ነው። በሌላው ላይ ኩፍኝ ተቀምጧል። ከያዛቸው 1,000 ልጆች የአንዱን ያህል አንጎል ያስቆጣል። ምግብ ባነሰበት፣ ሕክምና በራቀበት ቦታ ደግሞ ከ100 ታማሚ ልጆች እስከ 10 ሊገድል ይችላል።

«ካልያዘውስ?» ይባል ይሆናል። ልክ ነው፣ የመያዝ ዕድሉም መቆጠር አለበት። ካልተከተቡና ከታማሚ ጋር ከተቀራረቡ 10 ሰዎች 9ኙን ይይዛል። ታማሚው ወጥቶ ከሄደ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት ቤቱ አየር ውስጥ ይቆያል። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ይፍረድ፤ በሩ ተዘግቶ፣ ቤተሰቡ ምድጃ ከቦ ነው የሚያመሸው።

ሚዛኑን የሚያዛባው ልባችን ነው። በገዛ እጃችን ያመጣነው ትኩሳት ይጸጽተናል። ራሱ የመጣው በሽታ ግን «የእግዜር ነው» ተብሎ ይታለፋል። የሚገርመው፣ ለበጎቻችን እንዲህ አንጨነቅም። የበግ ፈንጣጣ ክትባት መጣ ሲባል መንጋውን እየነዱ መሄድ ነው!

ሚዛኑ ደግሞ ይለወጣል። የሰው ፈንጣጣ ክትባት አልፎ አልፎ ከባድ ጉዳት ያደርስ ነበር። በሽታው እያለ ግን ተከተብን። በአገራችን የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. ነው። በሽታው ከዓለም ሲጠፋ ክትባቱም ቀረ፤ የሚመዝነው ነገር አልነበረማ። ኩፍኝ ግን ዛሬም አለ።

ሠራተኛዋ ያለችው አጭር ነው። «ሊያተኩሰው ይችላል። ልብሱን አቅልይለት፣ ጡት አታቋርጪበት። ካልበረደለት ይዘሽው ነይ። በ15 ወሩም ትመለሻለሽ፤ በዘጠኝ ወር የሚሰጠው ክትባት ብቻውን ሁሉንም ልጅ ከኩፍኝ አይከላከልም።»

እናትየው ጋቢውን ገለጥ አድርጋ «የትኛውን ክንዱን?» አለች።