የጠፈር ጦርነት ልቦለድን በራስ ማሳተም፦ የሚወራውና እውነታው

ወታደራዊ ሳይንሳዊ ልቦለድ ባጭሩ የጠፈር መርከብና የጦር ሜዳ የሚገናኙበት ዘርፍ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደራሲዎች አሳታሚ ሳይጠብቁ ራሳቸው ከሚያወጧቸው ተከታታይ ልቦለዶች መካከል ሞቅ ያለ ገበያ አለው። ስለዚህ መንገድ ግን የማይሆን ነገርም ይወራል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«በራሱ የሚያሳትም አሳታሚ የናቀው ነው»

እኛ ዘንድ ደራሲ ከኪሱ አውጥቶ ማተሚያ ቤት መሄዱ የኖረ ነገር ስለሆነ ይህ ንቀት ይገርመን ይሆናል። እዚያ ግን ለረጅም ጊዜ እንደ ነውር ይታይ ነበር። ማርኮ ክሉስን እንውሰድ። ጀርመን አድጎ፣ በጀርመን ጦር አገልግሎ፣ ኋላ አሜሪካ የገባ ደራሲ ነው። «ፍሮንትላይንስ» የተባለውን ተከታታይ የመጀመሪያ መጽሐፍ በ2013 ራሱ አሳተመው። መጽሐፉ አንባቢ ሲያገኝ ፎርቲ ሰቨን ኖርዝ የተባለው የአማዞን አሳታሚ ተረከበው። ደራሲው ጆን ስካልዚም በ2002 የጠፈር ጦርነት ልቦለዱን በራሱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ለቀቀ። ቶር የተባለው ትልቅ አሳታሚ ገዝቶ በ2005 አወጣው።

«ወታደር ያልነበረ ሰው አይችለውም»

ክሉስ ወታደር ነበር፤ ስካልዚ አልነበረም። ሁለቱም ተነበዋል። የዚህ ዘርፍ አንባቢ ግን ቀላል ሰው አይደለም። ብዙ የቀድሞ ወታደሮችና መሐንዲሶች አሉበት፤ ማዕረግ ብታምታታ ይይዙሃል። ምድር ላይ ያለ አዛዥ ማርስ ያለውን ጦር «ተኩስ!» ብሎ ወዲያው «ተኩሰናል ጌታዬ» የሚል መልስ ከሰማ ጉዱ ፈላ። የሬዲዮ መልእክት ከምድር ማርስ ለመድረስ፣ እንደ ፕላኔቶቹ ርቀት፣ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። መልሱ ደግሞ ያንኑ ያህል። ጎበዝ ደራሲ ይህን እንደ ችግር አያየውም። ትእዛዝ እስኪደርስ መጠበቅ የማይችል መቶ አለቃ ብቻውን ሲወስን፣ ታሪኩ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

«አንድ ጥሩ መጽሐፍ ይበቃል»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን እንየው። አማዞን ኪንድል በተባለው የዲጂታል መጽሐፍ መሸጫው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ለሚሸጥ መጽሐፍ በዋና ዋና ገበያዎቹ እስከ 70 በመቶ ለደራሲው ይከፍላል። ከዚያ በታችም ሆነ በላይ ከሆነ 35 በመቶ ነው። በ99 ሳንቲም የሸጠ ደራሲ 35 ሳንቲም ያገኛል። በ4.99 የሸጠ፣ በፋይሉ ክብደት የምትቆረጠዋ ትንሽ ክፍያ ሳትቆጠር፣ 3.49 ዶላር።

ታዲያ አንደኛውን ክፍል በ99 ሳንቲም የሚሸጡት አብደው ነው? አይደለም። ለምሳሌ ያህል 100 ሰው ገዛ እንበል፤ 35 ዶላር ናት፣ የማስታወቂያ ወጪ እንኳ አትሸፍንም። ከእነዚህ 50ዎቹ ሁለተኛውን፣ 40ዎቹ ሦስተኛውን በ4.99 ቢገዙ ግን ከ310 ዶላር በላይ ይጨመራል። ስለዚህ እኔ ብሆን ሦስተኛው ክፍል ሳይጻፍ ለአንደኛው ማስታወቂያ አንድ ብር አላወጣም።

ኢትዮጵያ ሆኖ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸው፣ ከአሜሪካ ሽያጭ ከሚያገኘው ላይ 30 በመቶ ቀድሞ ይቆረጣል።

«ኪንድል አንሊሚትድ ከገባህ መጽሐፉ የአማዞን ሆነ»

አልሆነም። ይህ አንባቢ በየወሩ እየከፈለ መጻሕፍት የሚያነብበት፣ በ2014 የተጀመረ የአማዞን አገልግሎት ነው፤ ከ2015 ጀምሮ ደራሲው የሚከፈለው በተነበበው ገጽ ልክ ነው። በምላሹ ዲጂታል ቅጂውን ለ90 ቀን ሌላ ቦታ ላለመሸጥ ይስማማል፤ ካልፈለገ አያድስም። የወረቀቱን እትም የትም መሸጥ ይችላል። የቅጂ መብቱም የራሱ ነው።

«ወጪ የለውም»

መጽሐፍ አማዞን ላይ መጫን በነፃ ነው። የወረቀቱም እትም ገዢ ሲያዝ ብቻ ስለሚታተም ሳሎን ውስጥ መጽሐፍ መከመር የለም። አርታኢና ሽፋን ግን ገንዘብ ይጠይቃሉ። ስለ ሽፋን ልናገር፦ ረቂቅና ጥበባዊ ሽፋን እኔም እወዳለሁ፣ እዚህ ዘርፍ ግን ያከስራል። አንባቢው ሞባይሉ ላይ አውራ ጣት በምታክል ምስል ውስጥ የጠፈር መርከብ፣ ፕላኔትና ትልልቅ ፊደል ካላየ ያልፈዋል።

«በየወሩ ካላወጣህ ትረሳለህ»

የክሉስ ተከታታይ ስምንተኛው ክፍል ላይ የደረሰው በ2022 ነው። በዘጠኝ ዓመት ስምንት መጽሐፍ።

«የድምፅ ትረካ ትርፍ ነገር ነው»

ደራሲው ክሬግ አላንሰን በ2016 ራሱ ያሳተመው ተከታታይ ገናና የሆነው በአብዛኛው አር ሲ ብሬይ በተረከው የድምፅ ቅጂ ነው። ለረጅም መንገድ ነጂ፣ ለሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ፣ የብዙ ሰዓት የጠፈር ጦርነት ይመቻል። የትረካ መብት ከዲጂታሉ ቅጂ የተለየ ነው። አንድ አሳታሚ ሁለቱን በአንድ ውል ጠቅልሎ ቢያመጣ፣ ከመፈረም በፊት ለየብቻ ዋጋቸውን መጠየቅ ነው።