የቅዳሜና እሁድ እሽቅድምድም፦ ንግድ ነው ወይስ መዝናኛ?

አሜሪካ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ መኪናቸውን ተጎታች ላይ ጭነው ለውድድር የሚወጡ አማተር ተሽቀዳዳሚዎች ሞልተዋል። ጨዋታው ብር ይበላል። ጎማው በቶሎ ያልቃል፣ ሞተር ይወርዳል፣ መመዝገቢያም አለ። አሸናፊው ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመለሰው ዋንጫ ብቻ ነው። ታዲያ ግብር ሲሰላ ኪሳራው ከደሞዝ ላይ ይቀነሳል?

ጉዳዩ የሚዳኘው በፌዴራል የግብር ሕግ አንቀጽ 183 ነው። አንቀጹ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ዋናው ጥያቄ ሰውዬው አተረፈ ወይ ሳይሆን፣ የገባበት ለማትረፍ ብሎ ነው ወይ የሚለው ነው። ሐሳብን ደግሞ በአፍ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ደንቡ ዘጠኝ መመዘኛዎች አሉት። የሒሳብ መዝገብ ይዟል? ባለሙያ አማክሯል? ሌላ ጠቀም ያለ ገቢ አለው? ነገሩስ ያዝናናዋል? ለተሽቀዳዳሚ የመጨረሻዋ ከባድ ናት፤ በመኪና መብረር የማያዝናናው ማን አለ!

ከአምስት ዓመት ሦስቱን ያተረፈ ሰው እንደ ነጋዴ ይገመታል። ይህን ማፍረስ የግብር መሥሪያ ቤቱ፣ የአይአርኤስ፣ ዕዳ ነው። ለፈረስ እሽቅድምድም ከሰባት ዓመት ሁለቱ ይበቃል። መኪና ይህ አስተያየት አልተደረገለትም።

ንግድ ከተባለ ወጪው ስኬጁል ሲ በሚባለው፣ የግል ንግድ ገቢና ወጪ በሚሞላበት የግብር ቅጽ ላይ ይሰፍራል። ኡበር የሚነዱ ሐበሾች ቅጹን አሳምረው ያውቁታል። መዝናኛ ከተባለ ግን ነገሩ ይከፋል። 20 ሺህ ዶላር አውጥቶ 2 ሺህ የተሸለመ ሰው በ2 ሺው ላይ ግብር ይከፍላል፤ ወጪውን መቀነስ ከ2018 ጀምሮ ቀርቷል፤ የ2025ቱ ሕግ ደግሞ ቋሚ አደረገው። እንደኔ ፍርደ ገምድል ነው። ለማጽናኛ ያህል፣ በግሉ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር (ለጡረታና ለጤና መድን) የሚከፍለው 15.3 በመቶ መዝናኛ ላይ አይጫንም።

አንዳንዱ በሌላ በር ይሞክራል። የድርጅቱን ስም መኪናው ላይ ይለጥፍና ወጪውን «ማስታወቂያ» ይለዋል። አንድ ጠበቃ በዚህ መንገድ ለዓመታት ወደ 300 ሺህ ዶላር ቀንሶ ነበር። የግብር ፍርድ ቤቱ በ2023 አልተቀበለውም። መኪና ነጂና የጥብቅና ደንበኛ ምን አገናኛቸው? የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ቢሆን ክርክሩ ትንሽ ይቀለው ነበር፤ እሱም ቢሆን ወጪው ከንግዱ ጋር የሚመጣጠን መሆኑን ማሳየት አይቀርለትም።