ቀስተ ደመናን መተርተር

«ፍቅር እኮ ሆርሞን ነው» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ሰው «ቀስተ ደመናውን ተረተርከው» ይሉታል። ነገሩን ሲያብራራ ውበቱን ገፈፈው ለማለት ነው። ቃሉ የሸማኔ ነው፤ የተሸመነውን ክር በክር መፍታት። ቀስተ ደመናን «የማርያም መቀነት» ለምንለው ለእኛማ አባባሉ በልክ የተሰፋ ነው።

ምንጩ ገጣሚው ጆን ኪትስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1820 በታተመው «ላሚያ» በተባለ ግጥሙ፣ ፍልስፍና የመልአክን ክንፍ ይቆርጣል፣ ቀስተ ደመናንም ይተረትራል ይላል። ያኔ ፍልስፍና ሲባል ዛሬ ሳይንስ የምንለውንም ይጨምር ነበር።

ወሬው ግን የተጀመረው ራት ላይ ነው። ዲሴምበር 28 ቀን 1817 ሰዓሊው ቤንጃሚን ሄይደን ለንደን ቤቱ ወዳጆቹን ጋበዘ። ጸሐፊው ቻርልስ ላም ሞቅ ሲለው፣ የሳይንስ ሊቁን ኒውተንን ለምን ሥዕልህ ውስጥ አስገባኸው ብሎ ሄይደን ላይ ወረደበት። ኪትስም አገዘው። ኒውተን ቀስተ ደመናን የፕሪዝም (ብርሃንን ወደ ቀለማት የሚበትን መስታወት) ቀለም አድርጎ ግጥሙን ገደለው ተባባሉ። ከዚያ ለኒውተን ጤና፣ ለሂሳብ ውድቀት ብለው ጠጡ! ቀልድ ነው እንግዲህ።

አባባሉን ይዘው ሳይንስ ላይ የሚዘምቱ ሰዎች ታዲያ አንድ ነገር ይረሳሉ። ኪትስ ሕክምና የተማረ ሰው ነው። ከልጅነቱ ቀዶ ሐኪም ዘንድ ሠልጥኗል፤ በ1815 ለንደን ጋይስ ሆስፒታል ገባ። ቁስል አሽጓል፣ ሰው ያለ ማደንዘዣ ሲቀደድ አጠገቡ ቆሟል። በ1816 የመድኃኒት ቀማሚነት ፈቃድ አገኘ። (ማደንዘዣ ካነሳን አይቀር፣ ኬሚስቱ ሃምፍሪ ዴቪ የሚያስቀውን ጋዝ ብሪስቶል ውስጥ ራሱ ላይ ሲሞክር ገጣሚውን ኮልሪጅንም አስስቦታል። ዴቪም ግጥም ይጽፍ ነበር። ጋዙ ለቀዶ ሕክምና ሊጠቅም እንደሚችል በ1800 ቢጽፍም ለአርባ ዓመት ያህል ሰሚ አላገኘም።)

በፌብሩዋሪ 1820 አንድ ማታ ኪትስ ሲያስለው አልጋው ላይ ደም ጠብ አለ። ሻማ አስመጥቶ አየው። ቀለሙን አውቀዋለሁ፣ የደም ቅዳ ደም ነው፣ የሞት ፍርዴ ነው አለ ብሎ ጓደኛው ቻርልስ ብራውን ጽፏል። በዓመቱ ሮም ላይ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ገና 25 ዓመቱ ነበር። ቀስተ ደመናን ስለ መተርተር የሚያማርረው «ላሚያ» ለአንባቢ የደረሰው ከዚያች ማታ አምስት ወር በኋላ ነው።